ከጽዋው በፊት የተነበበች ምዕራፍ

ባለፈው ሳምንት ድንች እየላጥኩ ተቀምጬ ሳለ ሰብለ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣችና «እቴቴ፣ ይችን ይስሙልኝማ!» አለችኝ። ሰብለ የአጎቴ የካሴ የልጅ ልጅ ናት። ቤታቸው ከአሸተን ማርያም በላይ ደጋው ላይ ነው፤ እሷ ግን እዚህ ላሊበላ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። ትማራለች ስል ስልኳም አብሮ ይማራል፣ ተለያይተው አያውቁም። ያን ቀን የያዘችው ትረካ ነበር። አንድ ድምፁ ያማረ ልጅ የቆየ ልብ ወለድ በክፍል በክፍል እያነበበ ይለቃል፣ ሰሚው ደግሞ ከሥር ከሥሩ አስተያየቱን ይጽፋል። እሷን ያሳቃት አስተያየቱ ነው።

«አንዱ ምን አለ መሰለዎ? ‹ለዚህ ጠበቃ ስቅላትም ያንሰዋል!› አንዷ ደግሞ ‹እኔን ያናደደኝ ታናሽየው ነው፣ ሆዱ አይሞላ!› ብላለች። ሌላው ‹መጨረሻውን ስሙት፣ ጉድ ነው፣ በፍጹም አልጠበቅኩትም› ይላል። ሰው ሁሉ እኮ መጨረሻው መጨረሻው ነው የሚለው!»

«ስለምንድን ነው ታሪኩ?» አልኳት፣ ለወጉ ያህል።

«ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ይካሰሳሉ። አንድ ስግብግብ ጠበቃ መሐላቸው ይገባና...»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ነው፣ አልወደቀም። መላጡን ግን ተውኩት።

«ትልቅየው ገዛኸኝ፣ ታናሽየው ሰይፉ አይደል የሚባለው?»

«እንዴ! ያውቁታል እንዴ?»

አሳምሬ ነው የማውቀው። የዚህን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ሰብለ እግሯን ዘርግታ በተቀመጠችበት መደብ ላይ ሆኜ፣ ጮክ ብዬ ለሰው ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከሰሚዎቼ አንዱ ደግሞ አያቷ ነበር።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። መጽሐፉን ያገኘሁት ወደ ደሴ ከተዛወረ መምህራችን ነው። ሻንጣው አልዘጋ ሲለው አውጥቶ «እንኪ ዘነበች፣ አንቺ ታነቢዋለሽ» ብሎ ሰጠኝ። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ርዕሱን የሚያውቅ የለም፣ ሁላችንም «የጠበቃው መጽሐፍ» ነበር የምንለው። ለማኅበር ይነበባል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ!

አባቴ ደምሴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበር። ወር በገባ በሃያ አንድ ማኅበርተኞቹ በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ ካህኑ ጸሎት አድርጎ ጽዋውን ይባርክና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚባለው፣ አያ ሞላ ነበሩ። ጢማቸው ረጅም፣ ሳቃቸው ከጢማቸው የረዘመ ሰው። የማኅበሩ ሕግ ደግሞ ቀላል ነው። የተጣላ ሰው ከጽዋው አይቀምስም። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዳቦውንም ይበላል፣ ጽዋው ሲደርስ ግን ያልፈዋል።

በማኅበሩ ጽዋ የሚያልፋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አባቴና ታናሽ ወንድሙ ካሴ። አያቴ የሠራው ይህ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ነው ያጣላቸው። አባቴ ይኖርበታል። ካሴ አግብቶ ደጋ ወጥቷል። አንድ ሆቴል ሊሠራ የፈለገ ሰው ግቢውን ካልገዛሁ ብሎ ሲመላለስ ካሴ «እንሽጠውና ድርሻዬን ስጠኝ» አለ፣ አባቴ «የአባቴን ቤት አልሸጥም» አለ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። እናንተዬ፣ የላስታ ሰው ሲካሰስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በቀጠሮው ቀን ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስል። ወንድማማቾቹ ችሎት ፊት ጎን ለጎን ቆመው ዳኛውን እያዩ ይከራከራሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም። ቃል ከተለዋወጡ ቆይተዋል።

ንባቡ የተጀመረው በጥር ሃያ አንድ፣ አያ ሞላ ቤት ነው። እኛ ሴት ልጆች ለማስተናገድ ሄደን ነበር። እኔ ጓዳ ውስጥ ጥግ ይዤ መጽሐፌን ሳነብ የማኅበሩ ካህን መምሬ ተፈራ አዩኝ። «ምንድን ነው እንዲህ ሥራ ያስፈታሽ?» አሉኝ። የክሱን ነገር ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። መምሬ ሙግት ይወዱ ነበር፣ ካህን ባይሆኑ ጠበቃ ነበር የሚሆኑት። «እስቲ ውጪና ለማኅበሩ አሰሚን!» አሉ። ጽዋው ከዞረ በኋላ ጨዋታው ስለሚደራ ማንም አይሰማኝም፣ ስለዚህ ንባቡ ከጽዋው በፊት እንዲሆን ተወሰነ። ማንም አስቀድሞ እንዳያነብ ደግሞ መጽሐፉ አያ ሞላ ዘንድ ከጽዋው ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። እኔም ብሆን ከሰው ቀድሜ አላየሁትም። ይህን የምናገረው በከንቱ አይደለም።

ወይ ያ ጊዜ! ወሩ አልሄድ ይላል። ገበያ ስወርድ ሰው ያስቆመኛል፣ «ያ ጠበቃ በመጨረሻ ይያዛል?» ይለኛል። ጠላ ሻጯ እቴ ብርቄማ ታሪኩ እውነት ነው ብላ ለገዛኸኝ ሚስት ስእለት ተስላለች። «ልብ ወለድ ነው እኮ እቴ ብርቄ» ብላት «ታዲያ እሷ ምን በወጣት?» አለችኝ። ማኅበርተኞቹም እንደ ሌላ አንባቢ «ደስ ይላል፣ አይልም» ብለው የሚያልፉ አልነበሩም። ምዕራፍ ሲያልቅ አንዱ ተነስቶ ጋቢውን ያደገድግና ለገዛኸኝ ይከራከራል፣ ሌላው ለሰይፉ፣ አያ ሞላ በዳኝነት ይሰየማሉ። ለጠበቃው ግን የሚቆምለት ጠፋ። መምሬ «ለሰይጣንም ቢሆን ነገረ ፈጅ ያስፈልገዋል» ብለው እሳቸው ቆሙለት፣ እኛም በሳቅ ሞትን።

ታላቁ ጾም እንደገባ ነው ነገሩ የተለወጠ። ገዛኸኝ ቤት ሰይፉ ሄዶ በሩን ሲያንኳኳ ዘበኛው «ማን ልበል?» የሚለው ቦታ ደርሰን ነበር። ምዕራፉ ሲያልቅ አያ ሞላ «እህ፣ ምን ትላላችሁ?» አሉ። አንዱ «ይሄ ሰይፉ የሚሉት ስግብግብ፣ እንኳን በሩ አልተከፈተለት!» አለ።

ያን ጊዜ አጎቴ ካሴ ተነሳ። ከዚያ በፊት አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ከደጋ ሲወርድ ለሁላችን በሶ በአገልግል ያመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል።

«ስግብግብ ትሉታላችሁ» አለ። «ሰይፉ ቤቱን አይደለም የፈለገው። በገዛ አባቱ ቤት በር ላይ እንደ መንገደኛ ‹ማን ልበል?› ሲባል ማን አየለት? ሰው ከቤቱ ካወጡት በኋላ ገንዘብ ቢጠይቅ ይፈረድበታል? ሌላ ምን ይጠይቅ?»

አባቴ የያዘውን ንፍሮ ወደ ሣህኑ መለሰ። አንድ ጊዜ ካሴ ቤታችን መጥቶ የእኛ ሠራተኛ ስላላወቀችው በሩ ላይ አቁማው እንደነበር፣ እሱም ሳይገባ እንደተመለሰ፣ እናቴ በኋላ ነገረችኝ። አባቴ ያን ጊዜ መምጣቱን እንኳ አልሰማ።

በሚቀጥለው ወር አባቴ ተራውን ተነሳ። ወንድሙን አላየም፣ የሚያየው አያ ሞላን ነበር። «እኔ ለገዛኸኝ ነው የምናገር። ሰይፉ በሩ ላይ መቆሙን ገዛኸኝ መች አወቀ? ቢያውቅ ዘሎ ወጥቶ አይቀበለውም ነበር? ወንድሙ እኮ ነው! ‹መጥቼ ነበር› ብሎ ቢልክበት ምን ነበረበት?»

ካሴ አንገቱን ደፋ። «ሰይፉ ኩሩ ነው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ገዛኸኝም ኩሩ ነው» አለ አባቴ።

እቴ ብርቄ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። በዚያ ቤት ስለ ማን እንደሚወራ ያላወቀ ሰው አልነበረም፣ ማንም ግን ትንፍሽ አላለም። አያ ሞላ ብልህ ናቸው፣ «ጥሩ ክርክር ነው፣ በይ ልጄ ቀጥይ» አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ መጽሐፉን ጨምቄ ይዤ ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። በእነዚያ ወራት አባቴ ከማኅበር ሲመለስ ያንጎራጉር ነበር። ከወንድሙ ጋር አልተነጋገረም፣ ደግሞ ተነጋግሯል።

በግንቦት ሃያ አንድ ሰይፉ በዝናብ በስብሶ ድጋሚ ይመጣል። በዚህኛው ገዛኸኝ ራሱ ወጥቶ በሩን ይከፍትለታል። ሰይፉ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል፣ ይላቀሳሉ። «ከእንግዲህ አንካሰስም፣ ለቀጠሮውም አትልፋ» ይለዋል ሰይፉ። እዚህ ላይ ምዕራፉ አለቀ፣ ሴቶቹ እልል አሉ።

«በሩን መክፈቱ ደግ አደረገ» አለ አባቴ።

«እንግዲህ የመጣ ይግባ ነው?» አለ ካሴ፣ ከወዲያ ጥግ።

«የመጣ ይግባ።»

አያ ሞላ ይህን ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ተራ አለዋውጠው የሰኔው ማኅበር እኛ ቤት እንዲሆን አደረጉ።

የሰኔ ሃያ አንድን ዝናብ አልረሳውም። ከአሸተን የሚወርደው መንገድ ቀይ ጭቃ ሆኖ ነበር። ጾም ስለነበር ሽሮውና ጎመኑ ብቻ ነው የቀረበው፣ እናቴ ግን ለፋሲካም እንዲህ አልተሯሯጠች። አባቴ ደረጃው ላይ ወጥቶ መንገዱን ያያል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ካሴ ብቅ ሲል ማንንም ሳይጠብቅ ወርዶ በሩን ከፈተ። ካሴ እንደዚያ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ጉልበቱን ሊስም ሲያጎነብስ ቀና አደረገው። በአባታቸው ግቢ ተቃቅፈው ቆሙ። ሁለት ትላልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አያ ደምሴ» አለ ካሴ፣ ሁላችን እየሰማን፣ «ከእንግዲህ አንካሰስም። ለሐምሌው ቀጠሮ አትልፋ፣ እኔም አልሄድ።»

«ይሁን፣ ወንድሜ» አለ አባቴ።

ገቡ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። መምሬ ተፈራ መስቀላቸውን አውጥተው ጽዋውን ወደፊት ሳቡት። «ዛሬስ ጽዋው ይቅደም። የዛሬው ጽዋ ሌላ ነው» አሉ።

አሁን ሳስበው ያቺ ሰዓት ናት። ያኔ ጽዋውን ቢያነሡት፣ ወንድማማቾቹ ከአንድ ዋንጫ ቢቀምሱ፣ የተባረከ ነገር ነው፣ ማንም አያፈርሰውም ነበር። ግን ሁላችንም ስግብግቦች ሆንን። እቴ ብርቄ «መምሬ፣ በማርያም! አንዲት ምዕራፍ ናት የቀረችው፣ ወር ሙሉ እኮ ነው የጠበቅን!» አለች። አያ ሞላም «እንደ ልማዳችን ትነበብና በደስታ እንጠጣ» አሉ። አባቴም ሳቀ፣ «ትነበብ» አለ። ካሴ ራሱ ዓይኑን እየጠረገ «እኔም ሌት እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ የሰይፉን መጨረሻ ልስማው። በይ ዘንዬ!» አለኝ።

በይ ዘንዬ። እንዳለኝ አነበብኩ።

የዚያ መጽሐፍ ጸሐፊ ጎበዝ ነው መባሉን ሰብለ ካነበበችልኝ አስተያየት ሰማሁ። ጎበዝ ነው አዎ። ገዛኸኝ ወንድሙን አምኖ ለቀጠሮው ቤቱ ይቀራል። በማግሥቱ ፖሊስ መጥቶ ልቀቅ ይለዋል። ለካ ሰይፉ ከጠበቃው ጋር ችሎት ቀርቦ በሌለበት አስፈርዶበታል! እንባው፣ ጉልበት መሳሙ፣ «ለቀጠሮው አትልፋ» ማለቱ፣ ሁሉንም ጠበቃው ነው ያስጠናው። መጨረሻው ይህ ነው።

እያነበብኩ ማቆም አማረኝ፣ ግን ምን ብዬ? ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየኛል። የመጨረሻዋን መስመር ስጨርስ እልልታም ክርክርም የለም። ቀስ በቀስ የሁሉም ዓይን ወደ ካሴ ዞረ። ማንም ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ዓይን ዝም ብሎ ይሄዳል።

አባቴም ዞረ። «ካሴ» አለ፣ በቀስታ። «ለቀጠሮው አትልፋ ያልከኝ... ማን መክሮህ ነው?»

የካሴ ፊት እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ከግንባሩ ጀምሮ ጠቆረ። አያ ሞላ «ኧረ ልብ ወለድ ነው እናንተ ሰዎች! የፈጠራ ነገር ነው!» እያሉ ቢጮኹ፣ መምሬ ጽዋውን አንሥተው «ያዙ፣ ያዙ!» ቢሉ ካሴ ተነሳ። ጋቢውን አጣፋ፣ የበሶውን አገልግል እናቴ እጅ ላይ አኖረና በዚያ ዝናብ ወጣ። አባቴ ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ጽዋው ያን ቀን ሳይዞር ቀረ።

ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ፣ ሐምሌ ላይ፣ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እናቴ «አትሂድ፣ ወንድምህ አልሄድም ብሎሃል» ብላ ለመነችው። አባቴ ሌት ተቀን ሲያስብ ከርሟል። «ካልሄድኩና ቢሄድስ?» አለ። እኔ ጃንጥላ ይዤለት አብሬው ሄድኩ። ችሎት አስከባሪው በር ላይ ቆሞ «ከሳሽ ካሴ!» ብሎ ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። ግቢው ውስጥ ያሉት ባለጉዳዮች ዞር ዞር አሉ። «አቤት» ያለ የለም። ዳኛው «ከሳሽ ባለመቅረቡ መዝገቡ ተዘግቷል» ሲሉ አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ወጣ። ያሸነፈ ሰው እንዲያ ሆኖ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ደጃፉ ላይ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «እውነቱን ነበር» አለኝ። «ዘነበች፣ እውነቱን ነበር እኮ።»

ወዲያው አያ ሞላንና መምሬን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። ጭቃውን እያቦኩ ደጋ ወጡ፣ ማታ ተመለሱ። ካሴ በክብር ተቀብሏቸዋል፣ አብልቷቸዋል። ስለ እርቅ ሲያነሡ ግን «በመጽሐፍ ተፈርዶብኛል፣ ይግባኝ አልልም» ነው ያላቸው። ዳግመኛ ቢላክበትም ያው። ማኅበሩንም ተወ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በደረት ሕመም ሞተ፣ እኛ የሰማነው ሞቶ ነው። አባቴ ያን ዳገት ወጥቶ መቃብሩ ላይ ተደፍቶ «የመጣ ይግባ ብዬህ ነበር» እያለ ሲያለቅስ ሰው ሁሉ የሐዘን ወግ መሰለው። እኔ ግን የማንን ቃል እንደሚመልስ አውቃለሁ።

አያ ሞላ ሲያርፉ ልጆቻቸው መጽሐፉን መለሱልኝ። እሳት ውስጥ ልወረውረው ፈልጌ ነበር፣ ደግሞ መጽሐፍ ነው፣ አልቻልኩም። አባቴ አርጅቶ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት መደብ ላይ በሚውልበት ክረምት፣ አንድ ቀን «ያን መጽሐፍ አንብቢልኝ» አለኝ። ደነገጥኩ። አነበብኩለት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። የመምሬን ክርክር እያሰበ ይስቃል፣ እቴ ብርቄን ያስታውሳል። ገዛኸኝ በዝናብ ወጥቶ በሩን የከፈተለት ቦታ ስንደርስ እጁን ዘርግቶ ገጹን ዳሰሰና «እዚህ ላይ ይብቃ፣ ልጄ» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን አልጠየቀኝም። በዓመቱ አረፈ።

ሰብለ ለትምህርት ወደ እኔ የመጣች ዕለት በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ማንንም አልጠይቅም፣ ሮጬ ነው የምከፍት። ጎረቤቶቼ «አንድ ቀን ሌባ ይገባብሻል» እያሉ ይቆጡኛል። ይግባ! ያን ሁሉ ለሰብለ ነግሬያት አላውቅም። አያቷ ዝምተኛ ደግ ሰው እንደነበር ነው የምታውቀው፣ እሱም እውነት ነው።

«እቴቴ፣ የመጨረሻው ክፍል ነው የቀረኝ» አለች፣ ስልኳን እያቀረበችልኝ። «እንስማው? ቆይ መጀመሪያ እርስዎም አስተያየት ይስጡ፣ እኔ እጽፍልዎታለሁ። ምን ልበል?»

«‹ትልቅየው በሩን ከፍቶለት ነበር፣ እዚያ ላይ ይበቃ ነበር› በይልኝ።»

ጻፈችው፣ ለቀቀችው። ብዙም ሳይቆይ የማላውቀው ሰው መለሰ። ሰብለ አንብባው በሳቅ ተንከተከተች። «‹እማማ፣ መጨረሻውን ሳይሰሙ ነው እንዴ አስተያየት የሚሰጡ?› ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

የአያቷ ሳቅ ነው ያላት። ድንቼን አነሣሁ።

«ሰምቼዋለሁ በይው» አልኳት።